ዳገት በዝናብና በበረዶ



የዳገት ውድድር ባለበት ቀን ሰማዩ ሲጠቁር፣ መንገድ ዳር የቆመ ተመልካች የሚያዝነው ሽቅብ ለሚታገለው ጋላቢ ነው። ዝናቡ ፊቱን ይገርፈዋል፣ ነፋሱ ወደ ኋላ ይገፋዋል፣ እግሩ እስከ ጉልበቱ በጭቃ ተለውሷል። እውነትም ያሳዝናል። የብስክሌት ታሪክ የመዘገባቸውን ክፉ ቀኖች አንድ በአንድ ያየ ሰው ግን ብርድ ጋላቢዎችን የጣለው አብዛኛውን ጊዜ ሽቅብ ሲወጡ እንዳልሆነ ይረዳል። የጣላቸው መነሻው ላይ ቆመው ተራ ሲጠብቁ፣ ጫፍ ደርሰው ላባቸው ሲቀዘቅዝ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ማዶውን ሲወርዱ ነው። የዛሬው ንግግር በዚህ ላይ ያተኩራል። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ለዚህ ጉዳይ ከጁን 5 ቀን 1988 የተሻለ ምስክር አይገኝም። የዚያን ዕለት የጂሮ ዲ ኢታሊያ (የኢጣሊያ ዙር ውድድር) ጋላቢዎች ከኪዬዛ ኢን ቫልማሌንኮ ተነስተው ቦርሚዮ መግባት ነበረባቸው፤ ርቀቱ 120 ኪሎ ሜትር ነው። ለጂሮ ይህ አጭር መንገድ ነው። ነገር ግን በመካከሉ 2,621 ሜትር ከፍታ ያለው የጋቪያ ተራራ መተላለፊያ አለ። ከፖንቴ ዲ ሌኞ ከተማ የሚጀምረው ዳገት 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ በአማካይ በየ100 ሜትሩ 8 ሜትር ያህል ከፍ ይላል፣ ጠንከር ባለበት ቦታ 16 ይደርሳል። በዚያ ዘመን የላይኛው ክፍል ገና አስፋልት አልለበሰም ነበር።

ጠዋት ሲነሱ ዝናብ ነው። እዚህ ላይ አንድ ቀላል ስሌት መያዝ ይጠቅማል። በተራራ ላይ በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀንሳል። ፖንቴ ዲ ሌኞና የጋቪያ ጫፍ በከፍታ ከ1,300 ሜትር በላይ ይራራቃሉ። ታች 8 ዲግሪ ላይ የሚዘንብ ዝናብ፣ ላይ ሲደርስ በረዶ ነው ማለት ነው። ይህን ለማወቅ የአየር ትንበያ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም፤ የተራራውን ቁመት ማወቅ ይበቃል። ሆኖም ብዙዎቹ ቡድኖች እንደማንኛውም ዝናባማ ቀን ተዘጋጅተው ወጡ።

አንድ ቡድን ግን ነገሩን ጠረጠረ። የአሜሪካው ሰቨን ኢለቨን ቡድን ሰዎች የዚያን ዕለት ጠዋት የበረዶ መንሸራተቻ ዕቃ ከሚሸጥ ሱቅ ገብተው ወፍራም ጓንት፣ የሱፍ ኮፍያና መነጽር ገዙ። ለእያንዳንዱ ጋላቢ ደረቅ ልብስ በቦርሳ ተሰናድቶ ከጫፉ አጠገብ የሚያቀብሉ ሰዎች ወጡ፤ ትኩስ ሻይም ተዘጋጀ። የጋላቢዎቹ ገላ ውሃ እንዳይዘልቀው ላኖሊን የሚባለውን የበግ ጠጉር ቅባት ተቀባ። የቡድኑ ዋና ጋላቢ አንዲ ሃምፕስተን ያደገው በሰሜን ዳኮታ፣ ክረምቱ እጅግ በሚበረታበት አገር ነው፤ ከብርድ ጋር አዲስ ትውውቅ አልነበረውም።

ዳገቱ ሲጀምር ሆላንዳዊው ዮሃን ፋን ደር ፌልደ ቀድሞ አመለጠ። እጅጌው አጭር ማሊያ ለብሷል፤ ኮፍያ የለውም፣ ጓንት የለውም። በረዶው መጣል ሲጀምርም አላቆመም። ዛሬም ድረስ የሚታዩት ፎቶግራፎች ክንዱና ጉልበቱ ራቁቱን ሆኖ፣ በጭቃና በበረዶ መካከል ብቻውን ሲገፋ ያሳያሉ። ጫፉን የረገጠው ከሁሉም ቀድሞ ነው። ሃምፕስተን ሁለተኛ ሆኖ ደረሰ።

ፋን ደር ፌልደ ሽቅቡን ያሸነፈው በዚያ አለባበስ ነው፤ ሽቅብ ሳለ ደግሞ አልተሳሳተም ማለት ይቻላል። በሰው ጡንቻ ውስጥ ከሚቃጠለው ጉልበት ፔዳሉን የሚገፋው አንድ አራተኛ ገደማ ብቻ ነው፤ የቀረው ሙቀት ሆኖ ይወጣል። 300 ዋት እየገፋ ዳገት የሚወጣ ጋላቢ 1,000 ዋት የሚጠጋ ሙቀት ያመነጫል፤ ገላው ራሱ እንደ ትንሽ የኤሌክትሪክ ምድጃ ነው። በዚያ ላይ ፍጥነቱ ዝቅተኛ ስለሆነ ነፋሱ ሙቀቱን ብዙ አይወስድበትም። ቁልቁለቱ ሲጀምር ግን ሁለቱም በአንድ ደቂቃ ውስጥ ይገለበጣሉ። ፔዳሉ ይቆማል፤ ሙቀቱ ይጠፋል። ፍጥነቱ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ዜሮ ዲግሪ በሆነ አየር በዚህ ፍጥነት የሚወርድ ሰው ደረቅ ቆዳው የሚሰማው ከዜሮ በታች 9 ዲግሪ ያህል ነው። ቆዳው እርጥብ ከሆነ ደግሞ ሂሳቡ ሌላ ነው፤ ውሃ ሙቀትን ከገላ የሚወስድበት ፍጥነት ከአየር 25 ጊዜ ገደማ ይበልጣል።

ፋን ደር ፌልደ ጫፉን ካለፈ በኋላ ብዙም አልሄደም። ብርዱ አሸንፎት ወርዶ ተጠለለ፤ ሰዎች መኪና ውስጥ አስገብተው ትኩስ ነገር አጠጡት። በመጨረሻ እንደምንም ቦርሚዮ ሲደርስ ካሸናፊው ከ45 ደቂቃ በላይ ዘግይቶ ነበር። ጋቪያን በአንደኝነት የወጣው ሰው፣ ከጋቪያ ሲወርድ ያለቀለት ሆነ።

ሃምፕስተን ዳገቱ ሳያልቅ ደረቅ ልብስና ትኩስ መጠጥ ተቀበለ። ጸጉሩን ሊያራግፍ እጁን ሲሰድ የተጠራቀመ በረዶ አንገቱ ላይ እየተንከባለለ በጀርባው መውረዱን በኋላ ተናግሯል። ቁልቁለቱን ሲጀምር ማርሹ በበረዶ ተያዘ። ያኔ ያደረገው ነገር ማንም ጋላቢ በአእምሮው ሊይዘው የሚገባ ነው። የቀረችውን አንዲት ማርሽ እንዳያጣ፣ ቁልቁለቱ ባያስፈልገውም ፔዳሉን ቀስ እያለ ማዞር አላቆመም፤ ካቴናው ከቆመ በበረዶ ይያዛል፣ ከተያዘ አይነቃነቅም። እግሩም ቢሆን በዚያው ደሙ እንዲዘዋወር ሆነ። ወደ ታች ሲያይ ጉልበቱና ቅልጥሙ ቀልተው በስስ በረዶ ተሸፍነው ነበር፤ ሁለተኛ ላለማየት ወሰነ። ከመጨረሻው መስመር ጥቂት ኪሎ ሜትር ሲቀረው ሆላንዳዊው ኤሪክ ብሮይኪንክ ደርሶበት አለፈውና በ7 ሰከንድ ቀደመው። የዕለቱ አሸናፊ ብሮይኪንክ ሆነ፤ የመሪነቱ ሮዝ ማሊያ ግን ለሃምፕስተን ደረሰ። እስከ መጨረሻውም አልለቀቀውም፤ ጂሮን ያሸነፈ የመጀመሪያው አሜሪካዊ ሆነ። ብሮይኪንክን በጠቅላላ ውጤት የበለጠው 1 ደቂቃ ከ43 ሰከንድ ነው።

የዚያን ዕለት ታሪክ የጀግንነት ታሪክ ተደርጎ ይነገራል። ጀግንነቱ አይካድም። ነገር ግን ውጤቱን የወሰነው ጠዋት ከሱቅ የተገዛው ጓንት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። እጁ የደነዘዘ ጋላቢ ፍሬን መያዝ አይችልም፣ ማርሽ መቀየር አይችልም፣ ከኪሱ ምግብ አውጥቶ ወረቀቱን መቅደድ አይችልም። በጋቪያ ቁልቁለት ብዙዎች ያለቀሱት እግራቸው ደክሞ አይደለም፤ ጣታቸው አልታዘዝ ብሎ ነው።

ከዚያ 32 ዓመት ቀድሞ፣ ጁን 8 ቀን 1956፣ ያው ጂሮ ከሜራኖ ተነስቶ ከትሬንቶ ከተማ በላይ ባለው ሞንቴ ቦንዶኔ ተራራ ላይ ተፈጸመ። መንገዱ ከ240 ኪሎ ሜትር የማያንስ፣ ተራራ የበዛበት ነበር፤ ከዝናብ ጀምሮ በበረዶ አለቀ። በአንድ ቀን ከ40 በላይ ጋላቢዎች ውድድሩን አቋረጡ፤ ሮዝ ማሊያ የለበሰው ፓስኳሌ ፎርናራም ከነሱ አንዱ ነው። ያሸነፈው የሉክሰምበርጉ ሻርሊ ጎል ነው። ጠዋት ሲነሳ ከመሪው ከ16 ደቂቃ በላይ ርቆ 24ኛ ነበር፤ ማታ መሪ ሆነ። መስመሩን ሲያልፍ ግን ራሱን አያውቅም ነበር ማለት ይቻላል፤ ተሸክመው አስገብተው ማሊያውን ከገላው ላይ ቀደው ነው ያወለቁለት። በዚያ ጂሮ ሁለተኛ የወጣው ፊዮሬንሶ ማኚ ደግሞ ቀደም ብሎ ወድቆ የአንገት ስር አጥንቱ ተሰብሮ ነበር፤ ዳገት ላይ በተሰበረው በኩል መሪውን መሳብ ስላቃተው፣ ካላማዳሪያ መሪው ላይ አስሮ ጫፉን በጥርሱ ነክሶ ይጎትት እንደነበር ፎቶግራፉ ምስክር ነው።

ቦንዶኔ ከጋቪያ የሚለየው መጨረሻው ጫፉ ላይ መሆኑ ነው። ጎል ከጫፍ በኋላ የሚወርደው ቁልቁለት አልነበረበትም። ሲወድቅ የሚይዙት፣ ብርድ ልብስ የሚያለብሱትና ሙቅ ውሃ ውስጥ የሚያስገቡት ሰዎች እዚያው ነበሩ። ያ ሰው በዚያ ሁኔታ ሌላ 20 ኪሎ ሜትር ቁልቁል ይሂድ ቢባል ምን ይሆን እንደነበር ማሰብ አያዳግትም።

በእንግሊዝ አገር የዳገት ውድድር ከዚህ ሁሉ የተለየ መልክ አለው። እዚያ ውድድሩ ዳገቱ ብቻ ነው። ጋላቢዎች አንድ በአንድ፣ በየአንድ ደቂቃው ይለቀቃሉ፤ ሰዓት ይያዝላቸዋል፤ ጫፍ ላይ ያበቃል። በለንደን ደቡብ ምሥራቅ የሚገኘው የካትፎርድ ክለብ ይህን ውድድር የጀመረው በ1887 ነው፤ በዓለም እስከ ዛሬ ከዘለቁት የብስክሌት ውድድሮች ሁሉ አንጋፋው እንደሆነ ይነገርለታል። የሚካሄደው በኬንት ክፍለ ሀገር ዮርክስ ሂል በምትባል ከ700 ሜትር በታች በሆነች፣ በአንዳንድ ቦታ በየ100 ሜትሩ 25 ሜትር በምትነሳ ጠባብ መንገድ ላይ ነው። ፊል ሜሰን በ1983 በ1 ደቂቃ ከ47.6 ሰከንድ ወጥቷታል። ብሔራዊው ሻምፒዮና ደግሞ ከ1944 ጀምሮ አለ። በባርሴሎና ኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘው ክሪስ ቦርድማን ከዚያ በፊት ይህን ሻምፒዮና ከ1988 እስከ 1991 አራት ጊዜ በተከታታይ አሸንፏል።

የእንግሊዝ የዳገት ውድድር ወቅቱ መጸው፣ በተለይ ኦክቶበር ነው። በዛፍ በተሸፈኑ ጠባብ መንገዶች ላይ የረገፈ ቅጠል ዝናብ ሲያገኘው እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። በደረቅ መንገድ ዳገት ሲጠና ከኮርቻ ተነስቶ መቆም የተለመደ ነው። በእርጥብ ቅጠል ላይ የቆመ ጋላቢ ግን ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚሄድ የኋላው ጎማ ይቀልላል፤ አንድ ጊዜ ጠንከር አድርጎ ሲረግጥ ጎማው ባለበት ይሾራል፣ ብስክሌቱ ይቆማል። በየ100 ሜትሩ 20 ሜትር በሚነሳ ዳገት ላይ አንዴ ከቆሙ እንደገና መነሳት እጅግ ከባድ ነው። ስለዚህ በዝናብ ቀን ልምድ ያላቸው ሰዎች ኮርቻው ጫፍ ላይ ተቀምጠው፣ ደረታቸውን ዝቅ አድርገው፣ ፔዳሉን ሳይነጥቁ ዙሩን እኩል እያደረጉ ይገፋሉ። የጎማውን ነፋስ ትንሽ ይቀንሳሉ። የተቀባ ነጭ መስመርና የብረት ክዳን ያለበትን ቦታ አስቀድመው በእግራቸው ሄደው ያያሉ።

አለባበሳቸው ለማያውቅ ሰው ግር ያሰኛል። ብርድ በሆነበት ቀን አጭር እጅጌ ወይም ስስ ልብስ ብቻ ለብሰው ይወጣሉ፤ ክብደት ለመቀነስ ከብስክሌቱ ላይ የማያስፈልገውን ሁሉ ይፈታሉ፣ የመሪውን ጫፍ ሳይቀር የሚቆርጡ አሉ። በሁለት ደቂቃ ዳገት ይህ ትክክል ነው፤ በሁለት ደቂቃ ገላ አይቀዘቅዝም። የሚቀዘቅዘው ከዚያ በፊት ነው። ጡንቻ በቀዘቀዘ ቁጥር ጉልበቱ ይቀንሳል፤ በዝናብ ውስጥ ሩብ ሰዓት ቆሞ የጠበቀ ሰው ገና ሳይነሳ ሰከንዶች አጥቷል። ለዚህ ነው መነሻው ላይ ጋላቢው ወፍራም ካፖርትና ሱሪ ደርቦ እስከ መጨረሻው ደቂቃ የሚቆየው፣ ወዳጁ ደግሞ አጠገቡ ሆኖ ካፖርቱን የሚቀበለው። ጫፍ ላይም የመጨረሻ ጉልበታቸውን የጨረሱትን ከነብስክሌታቸው የሚይዙ ሰዎች ይቆማሉ። ማንም ስማቸውን በውጤት ዝርዝር ላይ አያይም፤ ያለ እነሱ ግን ውድድሩ አይካሄድም።

ነፋስን ሰዎች በሜዳ እንጂ በዳገት የሚቆጥሩት አይመስልም። ይህ ግን ስህተት ነው። አንድ ጋላቢ ከነብስክሌቱ 75 ኪሎ ቢመዝንና በየ100 ሜትሩ 8 ሜትር በሚነሳ ዳገት በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር ቢወጣ፣ የመሬት ስበት 59 ኒውተን ያህል ወደ ኋላ ይጎትተዋል። አየሩ ጸጥ ካለ የነፋሱ መግቻ 2 ኒውተን ገደማ ብቻ ነው። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ፊት ለፊት ከመጣ ግን መግቻው ወደ 28 ኒውተን ይዘላል፤ ዳገቱ ግማሽ ያህል ተጨመረበት ማለት ነው። ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ደግሞ በየኩርባው ነፋሱ አንዴ ከፊት አንዴ ከኋላ ይመጣል። ስለዚህ ብልህ ጋላቢ ነፋስ ከፊት በሚመጣበት ኩርባ ከሰው ኋላ ይጠለላል፣ ነፋስ ከኋላ በሚገፋበት ያመልጣል።

ይህን በዓለም ላይ በግልጽ የሚያሳይ ቦታ ካለ በአሜሪካ ኒው ሃምፕሻየር የሚገኘው ማውንት ዋሽንግተን ነው። ተራራው 1,917 ሜትር ብቻ ነው፤ ነገር ግን ኤፕሪል 12 ቀን 1934 ጫፉ ላይ በሰዓት 372 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ተለክቷል። በ1861 የተከፈተው መንገድ 12.2 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ በአማካይ በየ100 ሜትሩ 12 ሜትር ይነሳል፣ መጨረሻው ላይ 22 ይሆናል። በየዓመቱ በኦገስት፣ በበጋ፣ የብስክሌት ውድድር ይካሄድበታል። ቶም ዳንኤልሰን በ2002 በ49 ደቂቃ ከ24 ሰከንድ ወጥቶታል፤ ፈረንሳዊቷ ዣኒ ሎንጎ በ2000 በ58 ደቂቃ ከ14 ሰከንድ። ሥር ላይ ፀሐይ እያለ ጫፉ በጭጋግና በነፋስ ሊዋጥ ይችላል። ከሁሉም ደስ የሚለው ግን አንድ ደንብ ነው፦ ተወዳዳሪ በብስክሌት ቁልቁል መውረድ አይፈቀድለትም። እያንዳንዱ የሚወርደው በመኪና ነው፤ መኪናውም ወደ ጫፍ ሲወጣ ደረቅ ልብሱን ይዞለት ይወጣል። በዚህ ንግግር ከተጠቀሱት ውድድሮች ሁሉ ችግሩን ከሥሩ የነቀለው ይህ ነው።

የዓለም ብስክሌት ማኅበር ዩሲአይም ዘግይቶ ነቅቷል። ከ2016 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የክፉ አየር ደንብ መንገድ ላይ የተከመረ በረዶን፣ የሚቀዘቅዝ ዝናብን፣ ኃይለኛ ነፋስን፣ ከልክ ያለፈ ብርድና ሙቀትን፣ ዕይታ የሚጋርድ ጭጋግን ይዘረዝራል፤ አዘጋጆች፣ ጋላቢዎችና ሐኪሞች ተሰብስበው እንዲወስኑ ያዛል። መነሻውን ማዛወር፣ መንገዱን ማሳጠር ወይም ውድድሩን መሰረዝ ይቻላል። አንዳንድ ተመልካች ይህን እንደ ልፍስፍስነት ያየዋል። ለሁለት ሰዓት የቴሌቪዥን ትዕይንት ብሎ የሰው ጣት እንዲረግፍ መጠበቅ ግን ስፖርት አይደለም። ፈረንሳዊው ቤርናር ኢኖ በ1980 የሊዬዥ ባስቶኝ ሊዬዥ ውድድርን በበረዶ ውስጥ ካሸነፈ በኋላ ሁለት ጣቶቹ ስሜታቸው ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም። የዚያን ዕለት ከተነሱት 174 ጋላቢዎች የጨረሱት 21 ብቻ ነበሩ።

ይህ ሁሉ ለአዲስ አበባ ጋላቢ የሩቅ አገር ወሬ ሊመስል ይችላል። እንጦጦ ግን ከጋቪያ ይበልጣል፤ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። በሐምሌና በነሐሴ እዚያ የሚወጣ ወጣት በረዶ ባይጥልበት እንኳ ከሰዓት በኋላ ዶፍ፣ ጭጋግና ውርጅብኝ የሆነ ነፋስ ያገኘዋል፤ በረዶም ቢሆን አንዳንዴ ይወርዳል። ገላን እስከ አደጋ ለማቀዝቀዝ ዜሮ ዲግሪ አያስፈልግም። 10 ዲግሪ ላይ በላብና በዝናብ የራሰ ሰው ነፋስ ሲጨመርበት ይበቃዋል። የምልክቱ መጀመሪያ መንቀጥቀጥ ነው፤ ቀጥሎ ንግግር ይንተባተባል፣ እጅ አልታዘዝ ይላል። በዚህ ሁኔታ ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወርድ ብስክሌተኛ፣ መኪናና ሕዝብ በበዛበት መንገድ፣ ፍሬኑን በማይሰሙ ጣቶች ይይዛል።

በዚህ የምሥራቅ አፍሪካ ክፍል ዳገት ወጪ አልጠፋም። ኤርትራዊው ዳንኤል ተክለሃይማኖት በ2015 በቱር ደ ፍራንስ ለዳገት ወጪዎች የሚሰጠውን ቀይ ነጠብጣብ ያለበትን ማሊያ የለበሰ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ነው። የመቀሌው ልጅ ጽጋቡ ግርማይ በ2016 ቱር ደ ፍራንስን የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። ከፍታው፣ ሳንባውና ልቡ አለ። የሚጎድለው ጫፍ ላይ ያለው ዝግጅት ነው። በክረምት የሚደረግ የዳገት ልምምድም ሆነ ውድድር ጫፍ ላይ ቢያበቃ፣ ጋላቢዎች ተሰልፈው ከመጠበቅ ይልቅ ልብስ እንደደረቡ እየተጠሩ ቢነሱ፣ ሲወርዱም በመኪና ቢወርዱ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ሚኒባስ፣ የተወዳዳሪው ቁጥር የተጻፈባቸውና ደረቅ ሹራብና ጓንት የያዙ ፌስታሎች፣ ሁለት ፔርሙዝ ትኩስ ሻይና ጫፍ ላይ ቆመው የሚቀበሉ ሦስት አራት ሰዎች ናቸው።